የማዘጋጃ ቤት ተቃዋሚ ምን ይሠራል?

ሰሞኑን ከሥራ ሰዓት በኋላ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ጋዜጣዬን ስገላልጥ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው ከተቀጠረ ገና ዓመት ያልሞላው የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። ሁለተኛው ደብተሩን በብብቱ ይዞ የመጣ ተማሪ ነው። የሰው ጨዋታ ማዳመጥ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ድምፃቸው ከፍ ያለ ስለ ነበረ ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም።

«ስማኝ ወንድሜ፥» ይላል ጸሐፊው፤ «በአገር ምክር ቤት ተቃዋሚ መኖሩ ይገባኛል። ጦርና ሰላም፥ ሕግና ግብር የሚወሰነው እዚያ ነው። በከተማ ምክር ቤት ግን ምን ያደርጋል? ቧንቧ ቧንቧ ነው፤ ቆሻሻም ቆሻሻ ነው። የዚህ ፓርቲ ቧንቧ፥ የዚያ ፓርቲ ቧንቧ የሚባል ነገር አለ እንዴ?»

«ቧንቧውስ አንድ ነው፤» አለ ተማሪው፤ «አስቀድሞ በማን ሰፈር እንደሚገባ ግን አንድ አይደለም።»

ጸሐፊው ሳቀ። «እሺ ይሁን። ያ ተቃዋሚህስ ቢሆን ተራውን ከመጠበቅ በቀር ሥራው ምንድን ነው? ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› ሲባል አልሰማህም?»

ተማሪው ሊመልስ አፉን ሲከፍት አስተናጋጁ ሒሳብ ጠየቃቸው፤ ከፍለውም ወጡ። መልስ ያላገኘው ጥያቄ ግን ከኔ ጋራ እቤቴ ገባ። የዛሬው ገጻችን ለዚያ ጸሐፊ የተጻፈ መልስ ነው። በነገር ከመከራከር ይልቅ የአንድ ትልቅ ከተማ ታሪክ ብነግረው ይሻላል ብዬ ሎንዶንን መረጥሁ። የሎንዶን ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዬ ይወቅልኝ።

ሎንዶን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የከተማ ሥራዎች ቦርድ በሚባል ጉባኤ ትተዳደር ነበር። የቦርዱን አባላት የየሰፈሩ ጉባኤዎች ይልካሉ እንጂ ሕዝቡ ራሱ አይመርጣቸውም። ቦርዱ ታላላቅ የፍሳሽ መውረጃዎችንና መንገዶችን የሠራ ቢሆንም፥ ጠያቂ ያልነበረው በመሆኑ በመጨረሻ በመሬት ኪራይ ነገር የጉቦ ወሬ ተነሣበት። በ1888 የንጉሣዊ መርማሪ ጉባኤ ነገሩን አጣራ፤ ጥፋትም ተገኘ። በ1889 ቦርዱ ፈርሶ በሕዝብ የሚመረጥ የሎንዶን ካውንቲ ምክር ቤት በቦታው ተተካ። እንግዲህ ጸሐፊው ወዳጄ ልብ ይበልልኝ። ቧንቧ ቧንቧ ነው ተብሎ ጠያቂ በታጣበት ጊዜ፥ ከቧንቧው ጋራ የሚፈስ ሌላም ነገር ነበረ።

አዲሱ ምክር ቤት ቀላል ነገር አልነበረም። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕዝብ በየሦስት ዓመቱ የሚመርጣቸው 124 አባሎች፥ እነዚሁ አባሎች ደግሞ የሚጨምሯቸው አልደርመን የተባሉ 20 ሽማግሌዎች ነበሩት። ከ4 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ትምህርት ቤት፥ የፍሳሽ መውረጃ፥ የእሳት አደጋ መከላከያ፥ መናፈሻና የድኾች መኖሪያ ቤት ሁሉ በእጁ ነበር። ከ1930 ጀምሮም የችግረኞች ርዳታና ብዙ ሆስፒታሎች ተጨመሩለት። ከ1922 ወዲህ የተሰበሰበበት ካውንቲ ሆል የተባለው ሕንፃ በቴምዝ ወንዝ ዳር፥ ከፓርላማው ፊት ለፊት ማዶ ለማዶ የቆመ ነው። ይህን አቀማመጥ አንባቢዬ አይርሳው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ምክር ቤት ፕሮግሬሲቭ የተባለው ወገን እስከ 1907 ድረስ 18 ዓመት ገዛ። ቀጥሎ ከኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ጋራ የተሳሰረው የማዘጋጃ ቤት ማሻሻያ ወገን 27 ዓመት ወንበሩን ያዘ። 27 ዓመት ማለት ልጅ ተወልዶ፥ ተምሮ፥ አግብቶ፥ ልጁን እስኪያስጠምቅ ማለት ነው። ታዲያ በዚያ ዘመን ሁሉ በተቃዋሚ ወንበር የተቀመጠ ሰው ምን ያደርግ ነበር?

ሚስተር ኸርበርት ሞሪሰን በ1888 ከአንድ ተራ ፖሊስ ቤት በደቡብ ሎንዶን ተወለዱ። በሕፃንነታቸው በሕመም ምክንያት የቀኝ ዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። በ14 ዓመታቸው ትምህርት ትተው የሱቅ ተላላኪ ሆኑ፤ ኋላም የስልክ አገናኝ ሆነው ሠሩ። የቀረውን ትምህርታቸውን ያገኙት ከሥራ በኋላ ከመጽሐፍና ከስብሰባ ነው። በ1915 ሌበር የሚባለው የሠራተኞች ፓርቲ የሎንዶን ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆኑ። በ1920 የሐክኒ ሰፈር ከንቲባ፥ በ1922 ደግሞ የካውንቲው ምክር ቤት አባል ሆኑ። በዚያን ጊዜ ፓርቲያቸው ከ124ቱ ወንበሮች በጣም ጥቂቱን ብቻ የያዘ ነበረ።

በዚሁ ወራት ተቃውሞ እንዴት ይደረግ የሚል ብርቱ ክርክር በመካከላቸው ተነሥቶ ነበር። በምሥራቅ ሎንዶን ፖፕላር የሚባል የድኾች ሰፈር አለ። ሥራ ያጣው ሕዝብ ብዙ በመሆኑ ለርዳታ የሚወጣው ገንዘብ ከባድ ነው፤ ቤቶቹ ደግሞ ዋጋቸው አነስተኛ ስለ ሆነ የሚሰበሰበው የቤት ግብር ትንሽ ነው። በሀብታም ሰፈር ጥቂት ግብር ብዙ ገንዘብ ሲያስገኝ፥ በፖፕላር ከባድ ግብር ጥቂት ብቻ ያስገኝ ነበር። በ1921 የፖፕላር የሰፈር ምክር ቤት አባሎች በሚስተር ጆርጅ ላንስበሪ መሪነት ለካውንቲው ምክር ቤት የሚከፈለውን ድርሻ አንሰበስብም ብለው እምቢ አሉ። ፍርድ ቤት አዘዛቸው፤ አሁንም እምቢ አሉ። በመስከረም 30 ሰዎች ታሰሩ፤ ከነሱም አምስቱ ሴቶች ነበሩ። ስድስት ሳምንት ያህል ታስረው ከቆዩ በኋላ ተፈቱ፤ ፓርላማውም የርዳታው ሸክም በሀብታምና በድኻ ሰፈር መካከል እንዲከፋፈል የሚያደርግ ሕግ በዚያው ዓመት አወጣ።

ሚስተር ሞሪሰን ይህን መንገድ አልወደዱትም። የሳቸውም ሰፈር ድኻ ነበረ፤ ነገር ግን ነገ ሕግ እንድናስከብር የምንለምን ሰዎች ዛሬ ሕግ ብናፈርስ ማን ያምነናል የሚል ነበር ሐሳባቸው። ማን ትክክል ነበረ? ፍርዱ ቀላል አይደለም። የፖፕላር ሰዎች በጥቂት ወራት ሕግ አስለወጡ፤ ይህን መካድ አይቻልም። በሌላ በኩል በ1922 በተደረገው የየሰፈሩ ምርጫ የሠራተኞች ፓርቲ በሎንዶን ከነበሩት 573 ወንበሮች ወደ 259 ወረደ፤ ፖፕላር ላንስበሪን ሳትለቅ ስትቀር፥ ሐክኒ ግን ከፓርቲው እጅ ወጣች። አንዱ መንገድ አንድን በደል ቶሎ አስወገደ፤ ከተማውን በሙሉ ለመረከብ ግን ሌላ፥ ረዥም መንገድ ቀርቶ ነበር። ሚስተር ሞሪሰን የመረጡት ይህን ረዥሙን ነው።

በዚህ ረዥም መንገድ ምን ሠሩ? መልሱ ጭብጨባ የሚያመጣ አይደለም፤ ዶሴ አነበቡ።

የከተማ ምክር ቤት ሥራ በአዳራሽ ንግግር ብቻ አይፈጸምም። እውነተኛው ሥራ በየኮሚቴው ነው። የትምህርት ኮሚቴ፥ የቤት ሥራ ኮሚቴ፥ የገንዘብ ኮሚቴ እየተባለ ሁሉም ተከፋፍሏል፤ በየኮሚቴውም ተቃዋሚው ወገን እንደ ብዛቱ መጠን ይገባል። ሳያነብ የመጣ ተቃዋሚ ከመጮኽ በቀር የሚያደርገው የለም። አንብቦ የመጣው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ ይህ መንገድ ሲሠራ ስንት ቤተ ሰብ ይነሣል? ለስንቱስ ቤት ተዘጋጅቷል? የጎደለውስ መቼ ይሞላል? ጩኸት ለአንድ ቀን ጋዜጣ ይበቃል፤ ጥያቄ ግን በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይቀራል። የሥራ ኀላፊውም በሚመጣው ሳምንት መልስ ይዞ መቅረብ ግዴታው ይሆናል።

ሁለተኛው ሥራ ወገንን አንድ ማድረግ ነው። የሠራተኞች ፓርቲ አባሎች ከምክር ቤቱ ስብሰባ በፊት ለብቻቸው ተሰብስበው ይከራከራሉ፤ እዚያ እንደ ልባቸው ከተከራከሩ በኋላ በአዳራሹ አንድ ድምፅ ይሰጣሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው። እርግጥ ይህ አሠራር ነቀፋ አላጣውም፤ የሰውን ኅሊና በገዛ ጓደኞቹ ድምፅ ያስራል ተብሏል። ነቀፋውም ሐሰት ነው አልልም። ሆኖም እያንዳንዱ በየፊናው የሚናገርበት ተቃዋሚ፥ ገዢው ወገን በሰላም እንዲተኛ የሚያደርግ ጥሩ ትራስ ነው።

ሦስተኛው ሥራ ከአዳራሹ ውጭ ነው። ሚስተር ሞሪሰን የፓርቲው ጸሐፊም በመሆናቸው በየሰፈሩ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስረዱና መራጩን የሚመዘግቡ ሰዎችን ያደራጁ ነበር። ይህም ሁሉ ሲሆን ፍሬው ቶሎ አልመጣም። በ1919 የነበሩት 15 ወንበሮች በ1925 35 ሆኑ፤ በ1928 42 ደረሱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዳንል፥ በ1931 እንደ ገና ወደ 35 ተመለሱ። በዚያው ዓመት ሚስተር ሞሪሰን የመጓጓዣ ሚኒስትርነታቸውንም የፓርላማ ወንበራቸውንም አጡ። በ43 ዓመታቸው ሁሉም ነገር ያለቀላቸው ይመስል ነበር። ስንቱ ሰው በዚህ ጊዜ ፖለቲካ በቃኝ ብሎ በገባ! እሳቸው ግን ወደ ካውንቲ ሆል ዶሴያቸው ተመለሱ።

በመጋቢት 1934 የሠራተኞች ፓርቲ 69 ወንበር አገኘ፤ ማሻሻያው ወገን 55 ብቻ ቀረለት። የ27 ዓመት ገዢዎችም ቁልፉን አስረክበው ከአዳራሹ ማዶ በተቃዋሚው ወንበር ተቀመጡ። ሰማይ አልተደፋም፤ የከተማው ውሃም አልተቋረጠም።

የተቃዋሚነት ዓመታት ጥቅም የታየው ያን ጊዜ ነው። የዋተርሉ ድልድይ ምሰሶ በመስመጡ ይጠገን ወይስ ፈርሶ ይሠራ የሚለው ክርክር አሥር ዓመት ፈጅቶ ነበር። አዲሱ ምክር ቤት ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ ለማፍረስ ወሰነ፤ ፓርላማው ብድር ቢከለክልም ወጪውን ከከተማው ግብር እንችላለን አለ፤ የመጀመሪያውንም ድንጋይ ሚስተር ሞሪሰን ራሳቸው አነሡ። አዲሱ ድልድይ በጦርነቱ መካከል በ1942 ለመንገደኛ ተከፍቶ በ1945 ተፈጸመ። በ1935 ያገባች ሴት መምህርት ከሥራ እንድትወጣ ያደርግ የነበረው ደንብ ተሻረ። በዚያው ዓመት ከተማው እንዳይውጠው በዙሪያው ያለውን ለምለም መሬት ለማስጠበቅ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ተመደበ። ይህን የሚያደርግ ሰው መንገዱን አስቀድሞ የሚያውቅ መሆን አለበት፤ ቢሮ ከገባ በኋላ የሚማር ሰው ሦስት ዓመቱ በመማር ያልቅበታል።

የጸሐፊው ወዳጄ ተረትስ? ሚስተር ሞሪሰን የምክር ቤት አባል ለዘመዱ ሥራ ለማስገኘት ወይም ለወዳጁ ነገር ለማስፈጸም ከመሥሪያ ቤቱ ሹም ጋራ በስውር እንዲነጋገር አይፈቅዱም ነበር። አባል በኮሚቴ ይናገር፥ ሹም በደንብ ይሥራ የሚል ጥብቅ ልማድ ነበራቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት እውነት የሚሆነው ተሹሞ ሲበላ የሚያየው በሌለበት ቤት ነው። ከአዳራሹ ማዶ ሒሳቡን የሚያነብ 55 ሰው ሲቀመጥ ግን እጅ ወደ ገበታው ከመዘርጋቷ በፊት ታስባለች።

እስካሁን የነገርኋችሁ የተቃዋሚውን ግዴታ ነው። ገዢውም ወገን ግዴታ አለበት፤ ይኸውም ወንበሩን፥ ዶሴውንና የጥያቄውን ሰዓት ሊነሣው አይገባም። እዚህ ላይ ሎንዶንም ራስዋ ፈተናውን ሁልጊዜ አላለፈችም። በ1965 የካውንቲው ምክር ቤት በሰፊው የታላቋ ሎንዶን ምክር ቤት ተተካ። በ1981 ይህን ምክር ቤት የሠራተኞች ፓርቲ አሸነፈው፤ በሚስተር ኬን ሊቪንግስተንም መሪነት የሥራ አጡን ሕዝብ ቁጥር በካውንቲ ሆል ጣራ ላይ በትልቁ ጽፎ፥ በወንዙ ማዶ ላለው ፓርላማ አሳየ። እንግዲህ ከተማው በሙሉ የአገሩ መንግሥት ተቃዋሚ መሆኑ ነው። የወይዘሮ ታቸር መንግሥትም በሕግ አድርጎ በ1986 ምክር ቤቱን አፈረሰው። ሎንዶን እስከ 2000 ድረስ 14 ዓመት ሙሉ ከተማውን በአንድነት የሚወክል የተመረጠ ምክር ቤት ሳይኖራት ቆየች። በካውንቲ ሆልም ዛሬ ሆቴልና የዓሣ ማሳያ ይገኙበታል።

በኛም ከተማ ወንበር ባዶ የቀረበትን ጊዜ የምናስታውስ ጥቂት አይደለንም። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። ነገር ግን በአገር አቀፉ ውጤት ላይ ክርክር ተነሣ፤ ቅንጅትም ምክር ቤቱን ሳይረከብ ቀረ፤ መሪዎቹም፥ ለከንቲባነት የታጩት ጭምር፥ በ1998 ዓ.ም. ታሰሩ። ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ቆይታ በ2000 ዓ.ም. ሌላ ምርጫ ተደረገ። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን በዚህች ገጽ አልፈርድም። የጠፋውን ትምህርት ግን እቈጥራለሁ። ያሸነፈው ወገን ከተማ ማስተዳደርን፥ የተሸነፈውም በተቃዋሚ ወንበር ተቀምጦ መጠየቅን ሳይማሩ ቀሩ። ሁለቱም ትምህርት በመጽሐፍ አይገኝም፤ ተቀምጠው ብቻ የሚማሩት ነው።

አሁን ወደ ሻይ ቤቱ እንመለስ። አንተ ተማሪው፥ «በማን ሰፈር ቀድሞ ይገባል» ያልኸው መልስህ ትክክል ነበረ። ግን አልጨረስኸውም። በማን ሰፈር ቀድሞ እንደሚገባ የሚጠይቅ ሰው የቧንቧውን ዋጋ፥ የሰፈሩን ሕዝብ ቁጥርና የበጀቱን መስመር ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። አንድ ቀን በምክር ቤት ለመቀመጥ የምታስብ ከሆነ ንግግር ከመለማመድህ በፊት ሒሳብ ማንበብ ተለማመድ።

አንተም ጸሐፊው ወንድሜ፥ እኔን ያስጨነቀኝ ከሳቅህ ይልቅ ሥራህ ነው። ተቃዋሚው የሚያነበውን ዶሴ የሚመዘግበው፥ ቃለ ጉባኤውንም በታይፕ የሚመታው አንተን የመሰለ ሰው ነው። አንድ ቀን ከጥቂቱ ወገን የሆነ የምክር ቤት አባል በመዝገብ ቤትህ መስኮት ቆሞ፥ ሕግ የሚፈቅድለትን ወረቀት ይጠይቅህ ይሆናል። ያን ጊዜ «አለቃዬ ምን ይለኝ ይሆን?» ብለህ ዶሴውን ከሌላ ዶሴ በታች ብትሸሽገው፥ የከተማው ምክር ቤት በዚያች ቀን በአንተ መስኮት ላይ ፈረሰ ማለት ነው። ቈጥረህ፥ አስፈርመህ ብትሰጠው ግን ለማንም ወገን አላደላህም፤ ደመወዝህን ለሚከፍልህ ሕዝብ ሠራህ እንጂ።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትገናኙ ሻዩን በኔ ሒሳብ ጠጡ።